ጥቁሩ ቦኮላና የጋሽ ልክ ጽዳት

ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ያየ ሁሉ «እኔን፣ ተጎዱ እንዴ?» ይላል፤ ወግ ነው። ያን ዕለት ከአውቶቡስ ወርጄ ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ግራ ጉልበቴ ከድቶኝ አስፋልቱ ላይ ስዘረጋ፣ ቦርሳዬን ያነሳችልኝ ወጣት ግን ይህን ወግ ዘለለችው። ደግፋ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝና ጆሮዋን ወደ ጉልበቴ አስጠግታ፣ «እስቲ አንዴ አጠፍ ዘርጋ ያድርጉት» አለችኝ። አደረግኩት። ጉልበቴ ሲጥ ሲጥ አለ። «ቦኮላው አልቋል» አለች ረጋ ብላ።

እኔ ቶሎ የምቆጣና ወሬ የማበዛ ሰው ነኝ፤ ቀድሜ መናገሩ ይሻላል። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ግራ እግሬ ከጉልበት በላይ ስለተቆረጠ የምሄደው በሰው ሠራሽ እግር ነው። የዚህ እግር ጉልበት የሚታጠፈው በአንድ አጭር የብረት ዘንግ ላይ ሲሆን፣ ዘንጉ የሚሽከረከረው ደግሞ ቦኮላ በሚባሉ ሁለት የፕላስቲክ ቀለበቶች ውስጥ ነው። ቀለበቶቹ ከአውራ ጣት አይወፍሩም፤ የሰውዬው ክብደት ግን ሁሉም ያረፈው እነሱ ላይ ነው። ሲበሉ ቀዳዳቸው ይሰፋል፤ ጉልበቱ ይወላገዳል፤ ከዚያ ባለቤቱ እንደኔ አስፋልት ይስማል።

ይህን የማያውቅ መንገደኛ «አይዞዎት» ብሎኝ ቢሄድ አልቀየምም ነበር። ይህች ልጅ ግን በአንድ ሲጥታ አወቀችው። መቼ እንደተቀየረ ጠየቀችኝ፤ ሦስት ወር ሊሞላው አንድ ሳምንት እንደቀረው ነገርኳት። ዘንጉን በደንብ እንደምይዘው ለማስረዳትም ገና ትናንት እሑድ አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት ወልውዬው እንደነበር ጨመርኩላት። ያኔ ሐሳቧ ቀለበቱ ላይ ስለነበር ይህኛው ወሬዬ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ። «ከንጹሕ ናይለን ነዋ» አልኩ በኩራት፤ «እግሬን የሚሠሩልኝ ጋሽ ልክ ባዕድ ነገር በበራቸው አያስገቡም።» ልጅቷ ሳቀች። ጋሽ ልክ አጎቷ ናቸው፤ የአባቷ ታላቅ ወንድም።

እሷ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ጥሬ ዕቃ የምትቀምም የኬሚስትሪ ምሩቅ ናት። ለአጎቷ ብላ የቀመመችው አንድ ጥቁር ዱላ የሚያህል ናይለን ቤቷ ካስቀመጠችው ዓመት ሆኖታል። ገና አፏን ስትከፍት «ተይኝ ልጄ» እያሉ ስለሚዘጓት እስካሁን አላሳየቻቸውም። እኔም በተራዬ የኔን ጉድ ነገርኳት። የማስተምረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ርዕሰ መምህርቷም፣ ደግ ሴት ናት፣ ሦስተኛ ጊዜ ብወድቅ ወደ መዝገብ ቤት እንደምታወርደኝ ነግራኛለች። «ለእርስዎ ብዬ ነው» ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ለእኔ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል ሲያገላብጡ መዋል በቁም መቀበር ነው። የዚያን ዕለቱን የአውቶቡስ ውድቀት ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ስለሆነ አልቆጠርኩትም፤ ለርዕሰ መምህርቷም አልነገርኳትም።

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያው ነገ አብረን እንሂድ፤ እኔን ቢዘጉኝ እርስዎን አይዘጉም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለክርክር መቼ ሰንፌ አውቃለሁ።

የጋሽ ልክ ወርክሾፕ በአካል ጉዳተኞች ተሀድሶ ማዕከል ምድር ቤት፣ ረጅም ክፍል ነው። በአንዱ ጥግ ሰው እግር የሚለምድባቸው ሁለት አግዳሚ ብረቶችና ትልቅ መስታወት አሉ። ግድግዳው ላይ ከጄሶ የተቀረጹ ጭኖችና ባቶች ተሰቅለዋል። መሃል ላይ ዕቃ እያሽከረከረ የሚልጠው ማሽን፣ ቶርኖው፣ አለ፤ ሥሩ ሁልጊዜ በነጭ የናይለን ፍቅፋቂ እንደተሞላ ነው። ጋሽ ልክ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አስረው፣ ውፍረት የሚለኩበትን ካሊፐር ደረት ኪሳቸው ሰክተው ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ይቆማሉ። ስማቸውን ያወጣላቸው ሰልፈኛው ነው፤ ለክተው ሳያበቁ «ልክ ነው» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፣ ካልሆነ ደግሞ ያን ሁሉ የደከሙበትን ዕቃ ወርውረው እንደገና ይጀምራሉ። በየጠዋቱ በራቸው ላይ ከሚሰለፈው ሰው አብዛኛው ቦኮላ ለማስቀየር የመጣ ነው። ሁለት ቀን ተጉዞ የሚመጣም አለ።

የኔን ቦኮላ ወዲያው በአዲስ ነጭ ቀየሩልኝ። ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ጥቁሩን ናይለን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዳሰስ አደረጉትና ጣታቸውን አዩ፤ ጠቁሯል።

«ይኼ ምንድነው?»

«ናይለን ነው፣ አጎቴ። ከመቶ አሥር እጁ ግራፋይት ነው፤ የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ጥቁሩ ማዕድን።»

«ዘጠና እጁ ናይለን፣ አሥር እጁ ጥላሸት በይኛ። ልጄ፣ ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ሰውም እኮ ‹ዘጠና እጁ ወተት ነው› ነው የሚለው።»

ከዚያ የማውቀውን ታሪክ ለእሷ ደገሙላት። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ነጋዴ ነጭ የፕላስቲክ ዘንግ አምጥቶ «እንደ ናይለን ነው፣ እንዲያውም ይጠነክራል» ብሎ ሸጠላቸው። ቶርኖ ላይ ሲወጣ እንደ ናይለን እየተጠቀለለ አልተላጠም፤ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ ይላሉ። አልጠረጠሩም፤ ቦኮላ ሠሩበት። በወሩ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ስትሄድ ጉልበቷ ተፈታባት። ሕፃኑ ተረፈ፤ የእሷ የእጅ አንጓ ተሰበረ። ጋሽ ልክ ያን ዕቃ የሰጧቸውን ሃያ ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ፈልገው፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ቀየሩላቸው። ከዚያ ወዲህ ባዕድ ነገር የገባበት ፕላስቲክ ከደጃቸው አያልፍም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን ስለዚህ ሰው ስናገር ፈሪ ማለት አልችልም። የራሱን ጥፋት ቤት ለቤት ዞሮ የለቀመ ሠራተኛ ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

ልጅቷ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች። ይህ ነው መጀመሪያ ያስገረመኝ፤ እኔ ብሆን አሥር ጊዜ አቋርጬ ነበር።

«አጎቴ፣ ያ ሰውዬ የጨመረው ጠመኔ ነው» አለች። «ጠመኔ ዕቃው እንዲበዛ ተብሎ ገባ እንጂ መፋተግን እንዲችል ተብሎ አልገባም። ቅንጣቶቹም ከፕላስቲኩ ጋር አልተያያዙም። ዘንጉ ሲያሻቸው ተነቅለው ይወጣሉ፤ ከወጡ በኋላ ደግሞ በዘንጉና በቀለበቱ መሃል ሆነው እንደ አሸዋ ይፈጫሉ። እርስዎ መጣልዎ ትክክል ነው። እኔም ብሆን እጥለዋለሁ።»

ጋሽ ልክ ለመከራከር ተዘጋጅተው ሳለ ተስማማቻቸው፤ ትንሽ ግራ ተጋቡ። «ታዲያ ያንቺው ጥላሸት በምን ተሻለ?»

«የዚህ ክፍል ቁልፍ አልዞር ሲል ምን ያደርጋሉ?»

ጋሽ ልክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ መለስኩላቸው፤ እርሳስ ፍቀው ዱቄቱን ቁልፉ ላይ እንደሚያሹት ወርክሾፑን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

«መምህር፣ ቁልፍ ላይ ሰው አይቆምም» አሉ ኮስተር ብለው። «የሚያሾልክ ነገር ሁሉ ክብደት ይችላል ማለት አይደለም።»

ይህ ቀላል መልስ አልነበረም። ልጅቷ ግን ፊቷ በራ፤ አጎቷ ዋናውን ነገር ራሳቸው ነክተውላት ነበር።

«ለዚህ ነው አሥር እጅ ብቻ ያደረግኩት። ግራፋይት እንደ መጽሐፍ ገጽ ድርብርብ ነው፤ ገጾቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ ዘንጉ ሳይፋቅ ይዞራል። ግን ራሱ ጉልበት የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ናይለኑ ነው። መጀመሪያ ይህ አልገባኝም ነበር። ሠላሳ እጅ ጨምሬበት እንደ ብስኩት በእጄ ተሰበረ። ሲያንስ አይጠቅምም፣ ሲበዛ ያፈርሳል፤ ጨው ማለት ነው።»

«ጉልበት ከፈለግሽ ለምን የብርጭቆ ክር አትጨምሪበትም? ጀልባ ይሠሩበት የለ?» አሉ። እኔ ጋሽ ልክ ከነጭ ናይለን ሌላ የማያውቁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውዬው ሁሉንም ያውቃሉ፤ ያላመኑትን ብቻ አያስገቡም።

«እሱንም ሠርቼዋለሁ። የብርጭቆ ክር ፕላስቲኩን ያጠነክረዋል፤ ጥርስ ላለው ማሽን ጥሩ ነው። ለኛ ግን የክሩ ጫፍ ብረቱን ይነክሳል። ቀለበቱን አድነን ዘንጉን እናስበላለን። አጎቴ፣ ወደ ፕላስቲክ ባዕድ ነገር መግባቱ አይደለም ጥፋቱ። ለምን እንደሚገባ፣ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ከምን ጋር እንደሚፋተግ ሳያውቁ ማስገባቱ ነው።»

አዛውንቱ ጥቁሩን ናይለን አንስተው ጠረጴዛው ላይ አንኳኩት፤ ድምፁን አዳመጡ። ከዚያ ትንሽ ቅንጣቢ ቶርኖ ላይ አስረው ላጡ። እንደ ጥቁር ሪባን ተጠቅልሎ ወጣ፤ ዱቄት አልሆነም። «አፍ ብዙ ያወራል» አሉ በመጨረሻ፤ «እንሞክረዋለን። ግን ሰው ላይ አይደለም።»

ሙከራውን ራሳቸው ቀመሩት። ከአሮጌ የልብስ ስፌት ሞተር፣ ከሁለት ትርፍ ጉልበትና ከከባድ ብረት አንድ የምታወዛውዝ ማሽን ሠሩ። በአንዱ ጉልበት ነጭ ቦኮላ፣ በሌላው ጥቁር ገባ። ማሽኗ በሰከንድ አንዴ ሁለቱንም ታጥፋቸውና ትዘረጋቸዋለች፤ በቀን ስምንት ሰዓት ስትሠራ አሥራ ሁለት ቀኗ እኔ አራት ወር ገደማ ከምራመደው ጋር እኩል ይሆናል። አድልዎ እንዳይኖር አንድ ሕግ አወጡ፤ ማሽኗን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካትም። የወንድማቸው ልጅም እሺ አለች። እኔም ፍርድ ቤት የተቀመጥኩ ይመስል «ፍትሐዊ ነው» ብዬ አጸደቅኩ።

እነዚያን አሥራ ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ደረጃውን ጎን ለጎን፣ እንደ ሸርጣን እየወጣሁ፣ ከክፍል ስወጣ በየቀኑ ወርክሾፑ ብቅ እያልኩ ሙከራውን አያለሁ። ማሽኗ ቀጭ ቀጭ ትላለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ ቦኮላዎቹ ወጡ። ጋሽ ልክ ለኩ፤ ደገሙ። ነጩ ስድስት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ተበልቷል። ጥቁሩም ስድስት።

ጋሽ ልክ አልፎከሩም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው» አሉ፤ አባባላቸው ግን ማጽናኛ እንጂ ስድብ አልነበረም። እኔ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ተናደድኩ። በልጅቷም፣ በናይለኑም፣ በራሴም ተናደድኩ። መዝገብ ቤቱ በአቧራው፣ በፋይሉ፣ በጠባብ መስኮቱ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ኮቴን አንስቼ ልወጣ ነበር።

ልጅቷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ማሽኑ ተሳስቷል ብላም አልተከራከረችም። አጎቷ ቀኑን እንዴት እንደሚጀምሩ፣ ማሽኗን መቼ እንደሚያስነሱ፣ መቼ እንደሚያቆሙ በትሕትና ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አንድ በአንድ ነገሯት። ጠዋት ይመጣሉ፤ ሁለቱንም ዘንግ ያወጣሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይወለውላሉ፤ በቤንዚን ያጥባሉ፤ ይመልሳሉ፤ ማሽኗን ያስነሳሉ።

«በየቀኑ?» አለች።

«በየቀኑ። ለሁለቱም እኩል። እንዲያውም ያንቺኛው ዘንግ ጠቁሮ እያደረ አስቸግሮኛል፤ ግን ‹የልጅቷ ነው› ብዬ አልዘለልኩትም፤ ከነጩ ይልቅ አብልጬ ነው ያጸዳሁት።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ያን ጊዜ የተናገረችበትን ለዛ ለተማሪዎቼ ሁሉ ባስተምራቸው ደስ ይለኛል፤ ያገኘችውን እውነት እንደ ድንጋይ አልወረወረችውም።

«አጎቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩዎትም። ያ ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ቦኮላው መጀመሪያ ሲሽከረከር ከራሱ ትንሽ ግራፋይት ብረቱ ላይ ይቀባል። ስስ ሽፋን ነው፤ በጣት እንኳ አይታወቅም። ሽፋኑ ከያዘ በኋላ ቦኮላው የሚፋተገው ከብረት ጋር ሳይሆን ከራሱ ወገን ጋር ነው፤ መበላቱም ይቀንሳል። በየጠዋቱ ሲወለወል ሽፋኑ ይነሳል፤ ቦኮላው ደግሞ ከራሱ ላይ ቆርሶ አዲስ መቀባት ይጀምራል።»

«ማለት እኔ ሳጸዳ ያንቺን ሥራ እየጠረግኩ ነበር?»

«እኔ ሳልጠይቅ፣ እርስዎም ሳይነገርዎ።»

ጋሽ ልክ አላመኑም፤ ሠላሳ ዓመት የያዙትን ጽዳት በአንድ ማታ ወሬ የሚተው ሰው አይደሉም። ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉና ሙከራው እንደገና እንዲጀመር ፈቀዱ። አዲስ ቦኮላዎች፣ አዲስ ለስላሳ ዘንጎች ገቡ። በዚህኛው ዙር እጃቸው ዘንጉን እንዳይነካ ማሉ። ለእሳቸው ይህ ቀላል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ማሽኗ ዘንድ ሄደው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ሲያዩዋት፣ የታመመ ልጅ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ቀን ሲደርስ ሦስታችንም ጠረጴዛውን ከበን ቆምን። ጋሽ ልክ መጀመሪያ ጥቁሩን ለኩ። አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር እንኳ አልሞላም። ዘንጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ግራጫ መስታወት የመሰለ ስስ ነገር ለብሷል። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ነጩን አነሱ። ለኩት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ለኩት። ሦስተኛም ለኩት።

«ሦስት» አሉ። «ባለፈው ስድስት ነበር። ይኼ እኮ የኔው ነጭ ነው፤ ምንም አልተጨመረበት። ማሽኗ ያችው፣ ክብደቱ ያው። ምን ተለወጠ?»

እኔም ልጅቷም መልሱን አውቀነው ነበር። ግን ለእሳቸው ተውነው። አዛውንቱ ራሳቸው ደረሱበት።

«እኔ ነኝ የተለወጥኩት» አሉ። «እጄን ሰበሰብኩ። ብርጭቆ ወረቀቱ ብረቱን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረው ብረት ደግሞ ናይለኑን ይሞርደዋል።» ተቀመጡ። «ስንቱን ሰው በየእሑዱ ወልውሉ ብዬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት።»

«በቀና ልብ ነው ያደረጉት፣ አጎቴ።»

«ቀና ልብ ቦኮላ አይሆንም፣ ልጄ» አሉና ፊታቸውን ወደ ቶርኖው አዞሩ።

እኔ በበኩሌ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ፣ እንደ ጸሎት ሳላጓድል፣ ያን ዘንግ ስወለውል የኖርኩትን አሰብኩ። በገዛ እጄ ነበር የምወድቀው። አንድ ነገር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን አይቼ ተውኩት፤ በሕይወቴ ዝም ካልኩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ለማየት ሆን ብዬ ማልጄ ሄድኩ። በሩ ላይ እንደወትሮው ሰው ተሰልፏል። ጋሽ ልክ ሽርጣቸውን ለብሰው ወጡና ደፉ ላይ ቆሙ። ለሠላሳ ዓመት የሰጡት ምክር ስሕተት እንደነበር፣ ዘንጉን መወልወል ጉልበቱን እንደሚያስበላ፣ ከእንግዲህ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን አራግፎ መተው ብቻ እንደሚበቃ ነገሯቸው። ይህን የደረሰችበትም የወንድማቸው ልጅ እንደሆነች አልደበቁም። «ያለጊዜው ላደከምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ» አሉ። ከመሃል አንድ ጥበቃ ሠራተኛ፣ ቦኮላው ዘጠኝ ወር እየቆየ ጋሽ ልክን ሲያስገርም የኖረ ሰው፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እኔም ይቅርታ ልጠይቅ» አለ። «አንድ ቀንም ወልውዬው አላውቅም። ስጠየቅ ‹ወልውያለሁ› እል ነበር፤ ስንፍናዬ ነው።»

ሳቁ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ጋሽ ልክም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው እርጥብ ነበር። የዚያኑ ቀን ጥቁሩን ቦኮላ በገዛ እጃቸው እግሬ ላይ አስገቡልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴ ሲታጠፍ ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ስለ ፕላስቲክ ምን አገባኝ ትለኝ ይሆናል። እኔም እንዲያው እል ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ልንገርህ። ያ ከአሥር እጅ የማይበልጥ ጥቁር ዱቄት፣ በልኩና በምክንያቱ ስለተጨመረ፣ ብርጭቆ ወረቀቱም ስለቀረ፣ በሦስት ወር ያልቅ የነበረውን ቦኮላ ከዓመት በላይ አቆየው። ሁለት ቀን ተጉዞ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣ የነበረ ሰው አሁን አንዴ ይመጣል፤ እሱም ለማስመርመር ነው። የጠዋቱ ሰልፍ ቀንሷል። ጋሽ ልክ ቦኮላ ሲላጡ ይውሉበት የነበረውን ጊዜ አሁን አዲስ እግር ይሠሩበታል፤ ተራ ሲጠብቁ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ነው። የወንድማቸው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች በየሰዉ ክብደት ልክ ትቀምማለች፤ እሳቸውም «የኛ ቀማሚ» ይሏታል፤ ያልተፈተነ ነገር ስታመጣ ግን ዛሬም አያሳልፏትም። ደግሞም አትሳሳት፤ ዱቄት ሁሉ አይጠቅምም። ጠመኔው ያው ጠመኔ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ጠይቆ ማወቅ፣ ለክቶ ማመን፣ ያመኑትንም ሲሳሳት መተው ነው። ከሁለቱ ማንኛቸውን ይበልጥ እንዳደነቅኩ ብጠየቅ መምረጥ ይቸግረኛል፤ አዲስ ነገር ያመጣችው ልጅ ትበልጣለች፣ ወይስ በስተርጅና የራሳቸውን ካሊፐር አምነው ራሳቸውን የከሰሱት አዛውንት?

በቀጣዩ የትምህርት ዓመት መጨረሻ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮዋ አስጠራችኝ። ዓመቱን ሙሉ አልወደቅኩም፤ ቢሆንም ሹም የፈለገውን ያደርጋል። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው ባለፈው ዓመት ተጽፎ ያልተፈረመ የዝውውር ደብዳቤዬ ነው፤ ወደ መዝገብ ቤት። ሁለተኛው የመጪው ዓመት የክፍል ድልድል። ደብዳቤውን ፊት ለፊቴ ቀደደችው። «ደረጃው ላይ ሲወጡ ስንት ጊዜ ከኋላዎ እንደተከተልኩዎት አያውቁም፤ ቢወድቁ ልይዝዎት ነበር» አለችኝ። ድልድሉን አነበብኩት፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አራት ክፍል።

አዲሱ ዓመት ሲገባ በመጀመሪያው ቀን አምሳ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ተማሪዎቼ እንደ ደንቡ ብድግ አሉ። ጥቂት ቆሜ አየኋቸው።

«እናንተ ተቀመጡ» አልኳቸው፤ «እኔ እቆማለሁ።»